ታዳጊዎችን ስለ መሣሪያና ስለ ቡድን እንዴት እንጠይቅ?

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ጥናታዊ ትምህርት

በአሜሪካ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የሚደረገው የወጣቶች ጠባይ ጥናት አንድ የታወቀ ጥያቄ ነበረው፤ ተማሪው ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ጠመንጃ፣ ቢላዋ ወይም ዱላ የያዘባቸውን ቀናት እንዲቆጥር ይጠይቅ ነበር። ይህን እንዳለ ወደ ቢቸና ብናመጣው ከብት ጠባቂው ልጅ «ሠላሳውንም ቀን» ይላል። ውሻ ባለበት ደጃፍ ቆሞ ቁራሽ የሚለምነው የቆሎ ተማሪም እንዲሁ። ጥናቱ የአብነት ትምህርት ቤቱን የታጠቀ ጭፍራ አድርጎ ይመዘግበዋል ማለት ነው! ስለዚህ የሚጠየቀው ዱላው ሳይሆን ዓላማው ነው፦ «ባለፈው ወር ሰውን ፈርተህ ወይም ሰውን ለመጉዳት አስበህ ስለት ወይም መሣሪያ ይዘህ ወጥተሃልን?»

ስለ ጠመንጃም እንዲሁ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ስለ ባለፈቃዱ ይደነግጋል፤ እኛን የሚያሳስበን ግን የልጁ እጅ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ፣ በሠርግና በለቅሶ የሚታይ ክብር ሆኖ ኖሯልና «በቤታችሁ ጠመንጃ አለን?» ማለት ብዙ አያስተምርም። «ወላጆችህ ሳያውቁ ጠመንጃውንና ጥይቱን በአንድነት ልታገኝ ትችላለህን?» የሚለው ይሻላል፤ ጥይቱን ለይቶ መቆለፍ ሰበካው ሊመክረው የሚችል ነገር ነውና። ደሙ ያልደረቀ፣ እርቅ ያልወረደበት ቤት እንዳለ ግን ሽማግሌዎች ይጠየቁ እንጂ ልጁ አይጠየቅ።

ስለ ቡድን ሲሆን «ዱርዬ ነህን?» ተብሎ «አዎን» የሚል ማንም የለም። የአውሮፓና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በጋራ ያዘጋጁት ዩሮጋንግ የተባለው መለኪያ ስሙን ትቶ ጠባዩን ይጠይቃል፦ ጓደኞችህ አዘውትረው በአደባባይ ይገናኛሉን? ከሦስት ወር በላይ ቆይተዋልን? ሕገ ወጥ ሥራ በመካከላቸው የተለመደ ነውን? እንዲህ ከሆነ የጽዋ ማኅበርተኛው በስሕተት አይቆጠርም። መለኪያው የማይዘው ግን አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶችንና ሱቆችን ያቃጠለው ዓይነት፣ በአንድ ቀን የሚሰበሰብ ሕዝብ ከዚህ ትርጉም ውጭ ነው። እርሱን ለማወቅ ወሬው ከማን እንደሚሰማና ልጆቹ ማንን ተከትለው እንደሚወጡ ለብቻው መጠየቅ ያሻል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ባለው ጦርነት ግን ከሁሉ የሚከብደው ጥንቃቄ ነው፤ የልጅ ስምና «ጠመንጃ» የሚለው ቃል በአንድ ወረቀት ላይ ቢገኙ የልጁን ሕይወት ሊያስከፍሉ ይችላሉ። ስምና ጎጥ አይጻፍ። ወላጅ ይፍቀድ፤ ያልፈለገ ልጅም አይገደድ። የንስሐ አባት ጠያቂ አይሁን፤ በንስሐ የተሰማ ነገር ለቁጥር አይውልም።

መሠረቱን ስታንሊ ዋርነር በ1965 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ እዚህ ላይ ይረዳል። ልጁ ማንም ሳያየው ሳንቲም ይጥላል፤ አንበሳው ከወጣ «አዎን» ይላል፣ ሌላው ገጽ ከወጣ እውነቱን ይመልሳል። የማንም «አዎን» በራሱ ምስክር አይሆንበትም። ከ80 ታዳጊዎች 52ቱ «አዎን» ቢሉ፣ 40 ያህሉን ሳንቲሙ አስብሏቸዋል፤ የቀሩት 12 በእውነት ከመለሱት 40 ውስጥ ናቸው፣ ማለትም 30 በመቶ ገደማ። ቁጥሩ ግምት ነው፤ የተጠያቂው ቁጥር ባነሰ መጠንም ግምቱ ይላላል። ስለዚህ ትናንሽ አጥቢያዎች ተጣምረው ቢጠይቁ፣ ውጤቱም በየአጥቢያው ሳይነጣጠል በድምር ቢነገር ይመረጣል።