የአዳኝ ሽምግልና

ከጉና ተራራ ሥር፥ በጋይንት ደጋ የሚኖር ገበሬ ሲያረጅ የሚከፈለው ደመወዝ የለም። በ1961 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የጡረታ ሕግ ለመንግሥት ሠራተኞች ነበር፤ የገበሬው ጡረታ ግን ልጁ፥ እርሻውና ከብቱ ነው። ስለዚህ ጉልበቱ የደከመ አዳኝ አንዳንድ ጊዜ ወደ ስማዳ ቆላ፥ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ወርዶ መኖርን ያስባል። በዚያ እንጨት አይገዛም፤ ማሽላ ይበቅላል፤ ቀፎ የሰቀለም ማር ይቈርጣል። ድኩላና ቆቅም አለልህ ብሎ ልቡ ይነግረዋል።

ነገር ግን ቆላ የሚረክሰው ለጤነኛ ነው። ክረምቱ ሲያባራ ወባ ይነሣል፤ የደገኛ ሰውነት ደግሞ አለመደውም። ሽማግሌው ቢታመም ያን ሁሉ ዳገት በቃሬዛ ተሸክሞ የሚያወጣው ማን ነው? አደኑም እንደ ቀድሞው አይደለም። በ1944 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዱር አራዊት መጠበቂያ አዋጅ ወጣ፤ ዛሬም ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ደግሞም የሽማግሌ ዓይን ሚዳቋን ከቍጥቋጦ አይለይም፤ አዳኞች ግን ይህን ፈጥነው አያምኑም።

አስተዋይ ሽማግሌ ግን ጎጆውን ከልጁ ቤት አጠገብ ይሠራል፤ ማሳውን ለእኩል ይሰጣል። ቀፎውንም ከጓሮው ሰቅሎ፥ ንቦቹ ሲገቡና ሲወጡ እየተመለከተ፥ የድሮውን አደን ለልጅ ልጆቹ ያጫውታቸዋል።