የአልጌ ማሳደጊያ ውሃን በበረኪና ከተሐዋስያን ማጽዳት

ለዓሣ ጫጩት መኖ ወይም ለስፒሩሊና ምርት አልጌ የሚያሳድግ ማኅበር ውሃውን አስቀድሞ ማጽዳት ይኖርበታል። ያለበለዚያ ባዕድ አልጌና አልጌ የሚበሉ ጥቃቅን እንስሳት ዘሩን ይቀድሙታል። በጣና ዳር ደግሞ ሌላ ሥጋት አለ። በሐይቁ ውስጥ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ማመንጨት የሚችለው ማይክሮሲስቲስ መኖሩ በጥናት ታውቋል። ስለዚህ ፊቱ አረንጓዴ የለበሰ ውሃ ፈጽሞ አይቀዳ። በረኪና ተሐዋሱን ሲገድለው በውስጡ ያለው መርዝ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ማፍላትም መርዙን አያጠፋውም።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለ200 ሊትር በርሜል የሚበቃ ማገዶም አይገኝም። በረኪና ጠንካራ ስፖሮችን ሁሉ ባይጨርስም ለብዙ ውሃ የሚመረጠው እርሱ ነው። የዘር ጠርሙሶች ግን በእንፋሎት ግፊት በሚሠራ ድስት ይቀቀሉ።

በክረምት የጣና ውሃ ደለል ይበዛበታል፤ ደለሉና ብስባሹ ክሎሪኑን ይበሉታል። ውሃው ይጥለል፣ ከዚያም በጥቅጥቅ ጨርቅ ይጣራ። በፕላስቲክ በርሜል (ብረት ይዝጋል) ለአንድ ሊትር 2.5 ሚሊ ሊትር፣ ለ200 ሊትር ግማሽ ሊትር፣ 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና ተጨምሮ ይማሰል፤ ተከድኖም ይደር። ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪና ኃይሉን ያጣል፤ ምልክት በሌለው ጠርሙስ የሚሸጠውን እኔ አላምነውም። በረኪና ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር ከተቀላቀለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል።

ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው በቅደም ተከተሉ ነው። ዩሪያና ሌላ ማዳበሪያ አስቀድሞ ከገባ ናይትሮጅኑ ከክሎሪን ጋር ተጣምሮ ኃይሉን ያዳክማል። ሶዳም ቢሆን ውሃውን አልካላይ ስለሚያደርገው በረኪናው ይደክማል። ስፒሩሊና በተፈጥሮ የሚበቅለው እንደ ቢሾፍቱው አረንጓዴና እንደ ጪቱ ባሉ የሶዳ ሐይቆች ነው፤ በጣና ውሃ ሶዳው መጨመር አለበት፤ የሚጨመረው ግን ከማጽዳቱ በኋላ ነው።

በማግስቱ የተረፈው ክሎሪን በሶዲየም ቲዮሰልፌት ይሰበራል። ለ200 ሊትር ከ175 ግራም በላይ አያስፈልግም፤ ግማሹን ጨምሮ በክሎሪን መፈተኛ ወረቀት ማየት፣ ካልበቃም ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል። ሽታው መጥፋቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። ማዳበሪያውና ሶዳው ከገቡ በኋላ ከበርሜሉ አንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ጥቂት ዘር ይጨመርበት፤ በማግስቱ ከነጣ ዋናው ዘር ወደ በርሜሉ አይግባ።