እንጀራ መጋገርና የኃይል ቁጠባ፦ የልማድ ድርሻ

በኢትዮጵያ ቤቶች ከፍተኛ ኃይል ከሚጠይቁ የዘወትር ተግባራት አንዱ እንጀራ መጋገር ነው። የቁጠባ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ በመሣሪያ ላይ ያተኩራል፤ ከሲሚንቶ ቅልቅል የሚሠራው ምርጥ ምድጃ የማገዶ ፍጆታን ከሦስት ጉልቻ አንጻር እስከ ግማሽ ገደማ ሊቀንስ መቻሉ በአብነት ይጠቀሳል። ይሁንና የአጋገር ልማድም የራሱ ድርሻ አለው።

ለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥሩ ማሳያ ነው። የመጀመሪያው ሊጥ ከመፍሰሱ በፊት ሸክላው መጋል አለበት። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ለ15 ደቂቃ ቢሞቅ 0.875 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ የሚጋገረው አምስትም ሆነ ሃያ እንጀራ ይህ ፍጆታ አይለወጥም። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጋግር ቤተሰብ ወደ ሁለት ቢቀንስ፣ በ52 ሳምንታት ከማሞቂያው ብቻ 45.5 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፈዋል። ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይም የመጨረሻው እንጀራ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ ሊበስል ይችላል።

ሆኖም ቶሎ ቶሎ የመጋገር ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ እንጀራ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻግታል። ብዙ ጋግሮ የሻገተውን መጣል ከኃይሉ ጋር ጤፉን፣ ውኃውንና የጋጋሪዋን ድካም ያባክናል። ስለሆነም አነስተኛ ቤተሰብ ላላቸው ጎረቤታሞች፣ የቆጣሪ ሒሳብ ተጋርተው በአንድ የጋለ ምጣድ ተራ በተራ መጋገር የተሻለ አማራጭ ነው።

እንግዲህ የቁጠባ መለኪያው ለተጋገረው ሳይሆን ለተበላው እንጀራ የዋለው ኃይል ሊሆን ይገባል።