የተዘጋ ሰማይና የግል በራሪ

ሰማይ ሰፊ ነው፤ አጥርም በርም የለውም፤ ስለዚህ አይዘጋም ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን ሰማይ ይዘጋል፤ የሚዘጋበትም ሰዓት በደቂቃ ተወስኖ አስቀድሞ ይነገራል። ይህንን በጉልህ የሚያሳየን በአሜሪካ አገር በዊስኮንሲን ግዛት፣ በኦሽኮሽ ከተማ፣ በየዓመቱ በሐምሌ ወር የሚደረገው የአየር ትርኢት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ በገዛ አይሮፕላኑ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጉዞውን እንዴት እንደሚያቅድ ነው።

ትርኢቱን የሚያዘጋጀው ፖል ፖበረዝኒ እ.ኤ.አ. በ1953 በሚልዋኪ የመሠረተው የሙከራ አይሮፕላን ማኅበር ነው። ዓመታዊው ስብሰባ በ1959 ወደ ሮክፎርድ ሄደ፤ ከ1970 ጀምሮ ግን ኦሽኮሽ ላይ ጸና። ዛሬ በትርኢቱ ሳምንት ወደ ኦሽኮሽና በአካባቢው ወዳሉት ማረፊያዎች የሚመጡት አይሮፕላኖች ዐሥር ሺህ ያህል ይሆናሉ። ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹ አንድ ሞተር ያላቸው ትንንሽ የግል አይሮፕላኖች ናቸው።

ሀ/ ስለምን ይዘጋል?

በትርኢቱ ጊዜ አይሮፕላኖች ይገለበጣሉ፤ ቀጥ ብለው ወጥተው ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፤ ፈጣን ጄቶችም ለመሬት ቀርበው ያልፋሉ። በዚህ መካከል በዝግታ የሚመጣ እንግዳ አይሮፕላን ቢገባ፣ አንዱ ሌላውን አይቶ ለመሸሽ ጊዜ አይኖረውም። ስለዚህ ማረፊያውና በዙሪያው ያለው አየር በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ8 ሰዓት አልፎ እስከ 12 ሰዓት ግድም ይዘጋል። የሌሊት ትርኢት ባለባቸው ቀኖች ደግሞ ማታም ይዘጋል። ትክክለኛው ደቂቃ የሚገኘው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለየዓመቱ በሚያወጣው ማስታወቂያ ነው እንጂ ባለፈው ዓመት ትዝታ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የበረራ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ሰዓቱን የሚናገረው በዓለም አቀፉ የግሪኒች ሰዓት ነው፤ ዊስኮንሲን በበጋዋ ከዚያ 5 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። «19፡15 ይዘጋል» የሚለውን የአገሩ ሰዓት መስሎት ያነበበ ሰው፣ ገና ምሽት ድረስ ጊዜ አለኝ ብሎ ይዝናናል። እውነተኛው የመዝጊያ ሰዓት ግን በእኛ አነጋገር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ15 ነው። ሁለት ዓይነት ሰዓት እያነበበ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህንን ስሕተት ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ለ/ የመግቢያው መንገድ

በዓይኑ እያየ የሚበር ሰው ወደ ኦሽኮሽ የሚገባው በሪፖን ከተማ በኩል ነው። ከዚያ የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ጫማ ከፍታ፣ በሰዓት 90 የባሕር ማይል እየሄደ፣ ከፊቱ ካለው አይሮፕላን ግማሽ ማይል ርቆ፣ በሰልፍ ወደ ፊስክ መንደር ይመጣል። በፊስክ ያሉት ተቆጣጣሪዎች አይሮፕላኑን በቀለሙና በክንፉ ዓይነት ይጠሩታል፤ በራሪው በሬዲዮ አይመልስም፤ ሰምቻለሁ ለማለት ክንፉን ያወዛውዛል። ሰልፉ የበዛ እንደ ሆነ ረሽ የተባለውን ሐይቅ እየዞረ ተራውን ይጠብቃል።

ይህ መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከመክፈቻው በፊት አየሩ ከፍቶ መንገደኛውን ሁሉ አገደው። በተገለጠ ጊዜ ሁሉም ባንድነት ስለ መጣ ብዙዎች ለረጅም ጊዜ በአየር ላይ ሲዞሩ ቆዩ። በሚቀጥለው ዓመት የአገባቡ ሥርዓት የተሻሻለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሐ/ ከመዝጊያው ወደ ኋላ መቁጠር

የዕቅዱ ቁልፍ ከመነሻ ወደ ፊት ሳይሆን ከመዝጊያው ወደ ኋላ መቁጠር ነው። አንድ ምሳሌ እንሥራ። መዝጊያው ከቀኑ 8፡15 ነው እንበል። አይሮፕላናችን 36 ጋሎን ቤንዚን ትይዛለች፤ በሰዓት 9 ጋሎን ትፈጃለች፤ ስለዚህ 4 ሰዓት ትበራለች። ከመነሻችን እስከ ሪፖን 2 ሰዓት ነው።

ግማሽ ሰዓት ትርፍ ይዘን በ7፡45 መሬት ለመንካት እንወስን። ከሪፖን እስከ ማረፊያው 10 ደቂቃ፣ ለመጠበቅ 45 ደቂቃ ብንተው፣ ሪፖን መድረስ ያለብን በ6፡50 ነው። ስለዚህ ከጧቱ 4፡50 መነሣት አለብን። አራት ሰዓት የምትበር አይሮፕላን ይዞ ለሁለት ሰዓት መንገድ መነሣት ትርፍ ያለው ይመስላል። እስቲ ቤንዚኑን እንደምር፦

ለመነሻና ለመውጣት ተጨማሪ — 2 ጋሎን
እስከ ሪፖን — 18 ጋሎን
በሐይቁ ላይ ለመጠበቅ — 6.75 ጋሎን
ከሪፖን እስከ ማረፊያው — 1.5 ጋሎን
ቢዘጋብን ወደ ሌላ ማረፊያ ለመሄድ ግማሽ ሰዓት — 4.5 ጋሎን
ሕጉ በቀን የሚጠይቀው የግማሽ ሰዓት መጠባበቂያ — 4.5 ጋሎን
ድምር — 37.25 ጋሎን

የያዝነው 36 ነው! ሂሳቡ አልሞላም። ይህንን ያልደመረ በራሪ ጉድለቱን የሚያውቀው በሐይቁ ላይ ሲዞር፣ የቤንዚኑ መርፌ ወደ ዜሮ ሲያዘነብል ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሪፖን ለመድረስ አንድ ሰዓት ሲቀር አርፎ ቤንዚን መሙላት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው፣ መጠባበቂያውን ወደ አንድ ሙሉ ሰዓት ብናሳድገው እንኳ፣ 32.75 ጋሎን ብቻ ይሆናል። ለማረፉና ለመቅዳቱ አንድ ሰዓት ስለሚሄድ ግን መነሻችን ከጧቱ 3፡50 ይሆናል።

መ/ የመመለሻው ሰዓት

የቀረው የሰው ልብ ነው። መንገዱን ሦስት ሰዓት የመጣ ሰው፣ ወዳጆቹ መሬት ላይ እየጠበቁት፣ ከፊቱም አምስት አይሮፕላን ብቻ ቀርቶ፣ «አሁንስ ደረስኩ፤ ጥቂት ልታገሥ» ይላል። ይህ ቃል ስንቱን በራሪ አጥፍቶታል! ስለዚህ ውሳኔው በአየር ላይ ሳይሆን ጧት በጠረጴዛ ላይ፣ ልብ በተረጋጋበት ሰዓት፣ በወረቀት መጻፍ አለበት፦ «7፡35 ላይ ከሪፖን ወደ ፊስክ ካልገባሁ፣ ወይም ቤንዚኔ 14 ጋሎን ከደረሰ፣ ከሁለቱ በቀደመው እመለሳለሁ።» የሚመለስበትም ቦታ በስሙ ይጻፍ። በስተ ደቡብ ፎን ዱ ላክ፣ በስተ ሰሜን አፕልተን አሉ። ከዚያ በመኪና መጥቶ ትርኢቱን ማየት ይቻላል።

ይኸው ሥርዓት ለሚወጣውም ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ወደ አገሬ እመለሳለሁ ያለ ሰው ከመዝጊያው በፊት ካልተነሣ፣ ትርኢቱ እስኪያልቅ ይታገዳል፤ ከዚያ በኋላ ቢነሣም መንገዱ ሊመሽበት ይችላል። ያን ጊዜ የመንገዱን አየር ጠባይ እንደ ገና መመርመርና ማደርን መምረጥ ውርደት አይደለም።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል። የተዘጋ ሰማይ በራሪን አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሰዓቱንና ቤንዚኑን ሳይቆጥር ወደ ተዘጋው ሰማይ መሮጡ ነው።