በሎግያ ሙቀት የቬፕ ፈሳሽ የት ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በጅቡቲ መስመር የምመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ ብዙ ጊዜ የማድረው ሎግያ ነው። የማንጎ ጣዕም ያለው የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ፈሳሽ ጋቢና ውስጥ አስቀምጬ ብዙም ሳይቆይ ቀለሙ ሻይ መሰለ። ጉሮሮ ይፍቃል፣ ማንጎውም ጠፍቷል። ጣዕሙ እንዲቆይ የት ላስቀምጠው? ለኬክ የሚሆን ቫኒላ ጠብ ባደርግበትስ?

መልስ፦ ቀለሙን የለወጠው ኒኮቲኑ ነው። ኒኮቲን አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፤ ሲሳብም እንደ በርበሬ ይለበልባል። የፍራፍሬ ቃና የሚሰጡት ቅመሞች ደግሞ በባሕርያቸው ተናኝ ስለሆኑ ክዳኑ ትንሽ ከላላ ሙቀቱ ይዟቸው ይሄዳል። ቀሪው ፈሳሽ፣ ማለትም ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን፣ እንዲህ በቶሎ አይበላሽም። ለዚህ ነው ብልቃጡ ሳይጎድል ጣዕሙ ያለቀብዎት።

ስለ አቀማመጡ የሚባለው አጭር ነው፦ ቀዝቀዝ ያለ፣ ብርሃን የማይገባበት ቦታ፣ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ። ሰመራና ሎግያ ላይ ግን ይህን ከየት ያመጡታል? በሐሩሩ ወራት የውጭው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፀሐይ ላይ የቆመና መስኮቱ የተዘጋ ጋቢና ውስጥ 60 ዲግሪ ቢደርስ አይደንቅም። እዚያ ውስጥ ለፈሳሹ የሚሆን ጥግ የለም፣ ለመሣሪያው ባትሪም እንዲሁ። የሊቲየም ባትሪዎች በጥቅሉ ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ እንዲደረጉ አልተሠሩም። ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ቬፕ ሊያብጥ፣ ሊፈነዳ፣ መኪናውንም ሊያቃጥል ይችላል። ነዳጅ የሚጭኑ ከሆነ የቀረውን ራስዎ ያስቡት።

ቫኒላውን ይተዉት። ለምግብ የተፈቀደ ቅመም ለሳንባ ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ጨጓራ የሚፈጨውን ሳንባ መፍጨት አይችልም። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በአንድ የፈንዲሻ ፋብሪካ የሠሩ ሰዎች ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎቻቸው ጠባሳ ይዘው እየጠበቡ ታመው ተገኙ። ምክንያቱ ዳያሴቲል የተባለው የቅቤ ቃና ነበር፦ ቢበሉት ምንም አይል፣ ትነቱን ሲስቡት ግን ሳንባ ያበላሻል። ይኸው ቅመም በኋላ በበርካታ የቬፕ ፈሳሾች ውስጥ ተገኝቷል። ዘይት የተቀላቀለበት ቃና ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ዘይት ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ዓይነት ሕመም ያስከትላል። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ቬፕ ያጨሱ ከ2,800 በላይ ሰዎች ሳንባቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ገብተው እስከ የካቲት 2020 ድረስ 68ቱ ሞተዋል። ዋናው ተጠርጣሪ በካናቢስ ፈሳሽ ላይ ማወፈሪያ ሆኖ የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ቅባት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ጣዕም ሲጠፋ ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ የመሣሪያውን ኃይል ከፍ ማድረግ። አያድርጉት። በውስጡ ያለው ጥጥ ደርቆ ሽቦው ሲግል የሚመጣው የተቃጠለ ጣዕም ፎርማልዴሃይድን የመሳሰሉ መርዞች እየወጡ መሆኑን የሚነግር ምልክት ነው። እሱን በጣፋጭ ቃና መሸፈን አደጋውን መጋበዝ ነው።

ሕጉንም ሳላነሳ አላልፍም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን፣ ሺሻንና ቃና የተጨመረበት ትምባሆን ለንግድ ማስገባትም ሆነ መሸጥ ከልክሏል። ስለዚህ በድብቅ የሚሸጥልዎትን ብልቃጥ ይዘት የመረመረ አካል የለም። መለያው ላይ የተጻፈው የኒኮቲን መጠን እውነት ይሁን ሐሰት ሻጩም አያውቅም።

ጥያቄ፦ ከአፋምቦ ነው የምጽፈው። ወንድሜ ሹፌር ነው። እኛ ዘንድ ሲመጣ እንዳይሞቅበት ብሎ የቬፕ ፈሳሹን ከውሃው ጋር ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የ2 ዓመት ልጅ አለችኝ። ያሰጋል ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ያሰጋል። ብልቃጡን አንዴ አስተውይው፦ ትንሽ ፕላስቲክ፣ ጫፉ ሹል፣ ሲጨመቅ ጠብ ጠብ የሚል። የዓይን ጠብታ ማለት ነው። የዓይን ሕመም በማይጠፋበት አገር ደግሞ የዓይን ጠብታ የሌለበት ቤት ስንት ነው? አንድ ቀን ማታ መብራት ጠፍቶ አያት በዳበሳ አንስተው ልጅቱ ዓይን ውስጥ ቢጨምሩትስ? ሽታው ማንጎ ከሆነ ደግሞ ልጅቱ ራሷ ትጠጣዋለች።

በ1 ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ኒኮቲን አለው ከተባለው ፈሳሽ አንድ የሻይ ማንኪያ 250 ሚሊ ግራም ይይዛል። አጫሽ ከአንድ ሲጋራ ወደ ደሙ የሚያስገባው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት የ1 ዓመት ሕፃን ፈሳሽ ኒኮቲን ጠጥቶ ሞቷል። አሜሪካም ከዚያ በኋላ ብልቃጦቹ ልጅ የማይከፍተው ክዳን እንዲኖራቸው በሕግ አዘዘች።

ልጅ ከቀመሰችው ትውከት፣ የምራቅ መብዛት፣ የፊት መገርጣትና ላብ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያሉ፤ ከዚያ ድካም፣ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ ማጠር ይከተላሉ። አፏን አጥቢያት፤ ቆዳዋ ላይ ከፈሰሰም ልብሷን አውልቀሽ በብዙ ውሃ እጠቢያት፣ በቆዳ በኩልም ይገባልና። እንድታስመልስ አታስገድጃት፣ ወተትም አትስጫት። ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቂ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ ብልቃጡንም ይዘሽ ሂጂ። ከዚያ ወደ ዱብቲ ሆስፒታል ሪፈር ሊጽፉላት ይችላሉ። ወንድምሽን ደግሞ ብልቃጡ ከፍሪጁ እንዲወጣ፣ ከምግብና ከመድኃኒት ተለይቶ በቁልፍ እንዲያዝ ንገሪው። ቢሞቅበት ይሙቅበት።

ጥያቄ፦ (ከሹፌሩ) ግን ዶክተር፣ ሲጋራን ለመተው ይረዳል ይባል የለ?

መልስ፦ ይባላል፣ መሠረትም አለው። ተዓማኒ የጥናት ግምገማዎች ኒኮቲን ያለው ቬፕ ከኒኮቲን ማስቲካና ከልጥፍ ይልቅ ብዙ ሰው ሲጋራ እንዲያቆም እንደረዳ አሳይተዋል። ይህ ግን ይዘቱ በታወቀ ምርት፣ ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ለመተው በፈለጉ ሰዎች ላይ የታየ ነው። ቀን ቬፕ፣ ማታ ጫት ላይ ሲጋራ የሚለው አካሄድ ግን ሁለቱንም ያስቀጥላል። በእኔ ግምት እርስዎን የያዘዎት የሎግያ ማታ ነው፤ ጫቱ ሲመጣ ሲጋራው ተከትሎት ይመጣል። ሲጋራውን ለመተው ቀን ሲቆርጡ የጫቱንም ቀን አብረው ይቁረጡ፣ ስለ ማስቲካውና ስለ ልጥፉም ሐኪም ያማክሩ። ሻይ የመሰለውን ፈሳሽ ግን አሁኑኑ ያስወግዱት፣ ፍየልና ግመል ወደሚጠጡበት ውሃ እንዳይደፉት እንጂ።