ልክና ዋጋው

በተማሪዎች ክርክር ላይ አንዱ ተናጋሪ ነገር ሲያጥረው፥ «ሃይዘንበርግ እኮ ምንም ነገር በትክክል ሊታወቅ አይችልም ብሏል» ብሎ ጭብጨባ ማግኘቱ የተለመደ ነው። ሃይዘንበርግ ግን እንዲህ አላለም። ያለው ነገር ከዚህ ይልቅ ጠባብም ጠንካራም ስለ ሆነ፥ የፊዚክስ ተማሪ ያልሆነው አንባቢ ጭምር አንድ ጊዜ በቁጥር ቢያየው ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከፈተና ነው። ቨርነር ሃይዘንበርግ በ1923 በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተርነት ማዕርግ ሲፈተን፥ ፕሮፌሰር ቪልሄልም ቪን አጉሊ መነጽር አጥርቶ የማሳየት ኀይሉ እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ጠየቁት። መልስ አጣ፤ ከመውደቅም ለጥቂት ተረፈ። ከ4 ዓመት በኋላ፥ በ1927፥ ዝነኛውን ጽሑፉን ሲጽፍ ምሳሌ ያደረገው ያንኑ አጉሊ መነጽር ነበር። ኤሌክትሮን ያለበትን ቦታ ለማየት ብርሃን ያስፈልጋል፤ አጥርቶ ለማየት ደግሞ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት አጭር መሆን አለበት። ሞገዱ ባጠረ ቍጥር ግን እያንዳንዱ የብርሃን ቅንጣት፥ ማለት ፎቶን፥ ምቱ ይበረታል፤ ኤሌክትሮኑም ምን ያህልና ወዴት እንደ ተገፋ በውል አይታወቅም። ኒልስ ቦር ጽሑፉን ሲያዩ ጕድለት አገኙበት፤ ፎቶኑ በሌንሱ ስፋት ውስጥ በየት በኩል እንደ ገባ አለመታወቁ ተዘንግቶ ነበር። ይኸውም ያው የቪን ጥያቄ መሆኑ ነው! ሃይዘንበርግ እርማቱን በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ጨመረ።

በዚያው ዓመት ኬናርድ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ሕጉን በጥብቅ ሒሳብ አስቀመጠው። የአንድ አካል የቦታው ስርጭት በሞመንተሙ (ግዝፈቱ በፍጥነቱ ተባዝቶ በሚገኘው) ስርጭት ቢባዛ፥ ውጤቱ የፕላንክ ቍጥር ለ4 ፓይ ተካፍሎ ከሚገኘው በታች ሊወርድ አይችልም። ልብ እናድርግ፤ እዚህ ላይ ስለ መነካካት የተነገረ ነገር የለም። ስርጭቱ ማንም ሳይነካው በአካሉ ዘንድ ያለ ነው። ደግሞም የተገደበው ብዜቱ ነው እንጂ አንዱ ብቻውን አይደለም። በሞመንተሙ በኩል ዋጋውን የሚከፍል ሰው ቦታውን የፈለገውን ያህል አጥርቶ እንዳይለካ ሕጉ አይከለክለውም።

ዋጋው ስንት ነው? የፕላንክ ቍጥር በጁል ሴኮንድ ሲጻፍ፥ ከነጥቡ በኋላ 33 ዜሮ ተደርድሮ 6626 ይከተላል። ኤሌክትሮን በአንድ አቶም ስፋት፥ ማለት በሜትር 10 ሺህ ሚሊዮንኛ ውስጥ ቢወሰን፥ የፍጥነቱ ስርጭት በሴኮንድ ከ570 ኪሎሜትር ይበልጣል። 0.3 ሚሊግራም የምትመዝን አንዲት ፍሬ ጤፍ ግን ቦታዋ እስከ ሚሊሜትር ሺኛ ቢታወቅ፥ ይህ ስርጭት በሺህ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ የሚሊሜትር 6 ሺኛ እንኳ አያስኬዳትም። ስለዚህ በሚዛን የሚያታልል ነጋዴ በኳንተም ሊያመካኝ አይችልም።

እንግዲያስ ሕጉ ለጥቃቅን ነገር ብቻ ነው እንዳንል፥ 40 ኪሎግራም በሚመዝን መስተዋት ላይ የታየበት ስፍራ አለ። በአሜሪካ ሃንፎርድና ሊቪንግስተን የቆሙት፥ ላይጎ የሚባሉት መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው 4 ኪሎሜትር የሆኑ ሁለት ክንዶች አሏቸው። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ከሁለት ጥቁር ጕድጓዶች ግጭት የመጣውን የስበት ሞገድ ሲቀበሉ፥ የክንዶቹ ርዝመት የተለዋወጠው አንድ ሜትር ሦስት ጊዜ በተከታታይ ለሚሊዮን ተካፍሎ የሚገኘውን 4 እጅ ያህል ብቻ ነበር። ይህም ከፕሮቶን ስፋት በመቶዎች እጅ ያነሰ ነው።

ይህ የሚለካው በሌዘር ብርሃን ነው። ፎቶኖች ግን በክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚያርፍ ያለ ሥርዐት ነው የሚደርሱት፤ ስለዚህ የንባቡን ስሕተት በግማሽ ለመቀነስ ብርሃኑን 4 እጅ ማብዛት ግድ ነው። ያ ብርሃን ደግሞ መስተዋቱን ይገፋል፤ ግፊቱም እንደ ዝናቡ ያልተስተካከለ ስለ ሆነ መስተዋቱን ያናውጠዋል። ብርሃን ሲያንስ ንባቡ ይደበዝዛል፥ ሲበዛ የሚነበበው ነገር ራሱ ይናወጣል። ሁለቱ ስሕተቶች የሚመጣጠኑበትን ወሰን የሞስኮው ቭላዲሚር ብራጊንስኪ በ1960ዎቹ አሳዩ።

ነገር ግን ያ ወሰን በተለመደው ብርሃን ለሚለካ ሰው ነው። ካርልተን ኬቭስ በ1981 ብርሃኑ ራሱ እንዲጨመቅ፥ ማለት ሥርዐት አልባነቱ ከሚነበበው በኩል ተወስዶ ወደማይነበበው በኩል እንዲዛወር ሐሳብ አቀረቡ። በእኔ አስተያየት የዚህ ሁሉ ታሪክ ብልኀቱ ይህ ነው፤ ዕዳው አልተሰረዘም፥ ባለ ዕዳው ተለወጠ እንጂ። ላይጎ ከ2019 ጀምሮ በተጨመቀ ብርሃን በመደበኛነት ሠርቷል። ንባቡ ሲጠራ ግፊቱ ባሰ፤ ግፊቱ የሚያስቸግረው ግን በዝግታ በሚመላለሰው ሞገድ ላይ ነው፥ የንባቡ ስሕተት ደግሞ በፈጣኑ ላይ። ስለዚህ በ2023 ጭምቀቱን ለዝግተኛውና ለፈጣኑ ለየብቻ የሚያመቻች 300 ሜትር ርዝመት ያለው ተጨማሪ ክፍል ሥራ ጀመረ። በ2024 የወጣው ጽሑፍ በተወሰነ የድግግሞሽ ክልል ስሕተቱ ከብራጊንስኪ ወሰን በታች መውረዱን አስታወቀ። የኬናርድ ሕግ በዚህ አንዳች አልተነካም።

መቍጠር ለሚወድ አንባቢ አንድ ጥያቄ እንተው። በነጻ የተንጠለጠለ 40 ኪሎግራም መስተዋት ቦታው አንድ ጊዜ ይለካል፤ ከሴኮንድ መቶኛ በኋላ ደግሞ ይለካል። የመጀመሪያው ልክ እጅግ ከጠራ የፍጥነቱ ስርጭት ሁለተኛውን ያበላሻል። ሁለቱ ስሕተቶች ለየብቻ ካሬ ተደርገው ሲደመሩ ድምሩ ከሁሉ የሚያንሰው የት ላይ ነው? ከተሳካ፥ የድምሩ ካሬ ሥር የሚወጣው ከላይ ከተነገረው የ2015 ንቅናቄ 25 እጅ ያህል አንሶ ነው።