ስለ በረራ ርቀትና ስለ ጉዞ ጊዜ አቈጣጠር
የንግድ ሥራ ከገንዘብ ቀጥሎ በጊዜ የሚመራ መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም ብዙ ነጋዴዎች የዕቃን ዋጋ እስከ ሳንቲም ድረስ ሲቈጥሩ የአይሮፕላንን ጉዞ ጊዜ ግን በግምት ያልፉታል። ስለዚህ ከአውበሬና ከጅጅጋ ተነሥተው ዕቃ ለመግዛት ወደ ዱባይ የሚሄዱ ነጋዴዎችን ጉዞ ምሳሌ በማድረግ የአቈጣጠሩ ዘዴ ከዚህ በታች ተገልጿል።

1ኛ/ ስለ ርቀት። በሁለት አይሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት የሚለካው የምድርን ክብነት ተከትሎ በሚያልፈው አጭር መስመር ነው። በዚህ ልክ ከጅጅጋ እስከ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይ 2500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጅጅጋ እስከ ዱባይ በቀጥታ ቢለካ ግን 2200 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። እንግዲህ በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ አስቀድሞ ወደ ምዕራብ ሄዶ ኋላ ወደ ምሥራቅ ስለሚመለስ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። የአውበሬ ነጋዴ ደግሞ እስከ ጅጅጋ ያለውን የመኪና መንገድ ይደምርበታል።

2ኛ/ ስለ በረራ ጊዜ። ጄት አይሮፕላን በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ቢበር 2500 ኪሎ ሜትሩን በ3 ሰዓት ያህል ይጨርሳል። የጊዜ ሰሌዳው ግን 4 ሰዓት ገደማ ያሳያል። ምክንያቱም ሰሌዳው የሚቈጥረው አይሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ ደርሶ እስኪቆም ድረስ ነው፤ የአየር መስመሩም ሁልጊዜ የቀና አይደለም።

3ኛ/ ስለ ሰዓት ልዩነት። የዱባይ ሰዓት ከኢትዮጵያ ሰዓት በ1 ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ 4 ሰዓት የሚፈጀው በረራ በቲኬቱ ላይ ሲሄዱ 5 ሰዓት፤ ሲመለሱ 3 ሰዓት መስሎ ይታያል።

4ኛ/ ስለ ቀን አቈጣጠር። ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዚህ ላይ ነው። በአገራችን ልማድ አዲስ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ሲሆን በቲኬት ላይ ግን ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ለምሳሌ በቲኬቱ ላይ «ማክሰኞ 00:30» ተብሎ ቢጻፍ፤ በእኛ አነጋገር ሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ይህን ያላስተዋለ ነጋዴ ከጅጅጋ ማክሰኞ ጧት ቢነሣ አዲስ አበባ ሲደርስ የዱባዩ አይሮፕላን ሄዶ ይቆየዋል። በዚህም የቲኬቱን ዋጋ፤ የሆቴል ወጪና ከሻጩ ጋር የያዘውን ቀጠሮ በአንድነት ሊያጣ ይችላል። በትክክል ያሰበው ግን ሰኞ ቀን አዲስ አበባ ገብቶ በሌሊቱ በረራ ተሳፍሮ ማክሰኞ በዱባይ ሰዓት 05:30፤ ይኸውም ሊነጋ ሲል ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ይደርሳል።

5ኛ/ ስለ ዕቃ። እንደ ሥጋ ያለ ፈጥኖ የሚበላሽ ዕቃ የሚልክ ላኪም ሊቈጥር የሚገባው የበረራውን ሰዓት ብቻ አይደለም። ዕቃው ከማቀዝቀዣ ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ ገዢው እስኪረከበው ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ሁሉ ይቈጠራል፤ የጉምሩክ ፍተሻና ከአንዱ አይሮፕላን ወደ ሌላው የሚዛወርበት ጊዜም በዚሁ ውስጥ ይገባል።

በጠቅላላው ነጋዴ ቲኬት ከመግዛቱ በፊት አራት ነገሮችን በወረቀት ላይ ጽፎ ቢደምር ይጠቀማል፤ እነርሱም የመኪናው መንገድ፤ የበረራው ጊዜ፤ በመካከል የሚጠበቅበት ጊዜና የሰዓቱ ልዩነት ናቸው። ቀኑንም በቲኬቱ አቈጣጠርና በአገሩ አቈጣጠር ጎን ለጎን ቢጽፍ ከብዙ ኪሳራ ይድናል።